ለሌላ ማሽን የሚዘጋጅ ሃርድ ዲስክ፦ በኢምቤድድ ሊኑክስ የቡትሎደር አተካከል

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ ለኢምቤድድ ሊኑክስ መሣሪያ በሚዘጋጅ ሃርድ ዲስክ ላይ ቡትሎደር እንዴት እንደሚተከል ያብራራል። ትኩረቱ ዲስኩ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅቶ በሌላ መሣሪያ ላይ እንዲነሣ ሲፈለግ በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ላይ ነው። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በዲስኩ ላይ መገኘት እንዳለበትና ከማዘጋጃው ኮምፒዩተር የተወሰደ ስም፣ መለኪያ ወይም መዝገብ በሂደቱ ውስጥ መቅረት እንደሌለበት ማሳየት ነው። በመጨረሻም ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ወይም አዲስ ሥሪት ሳይሠራ ሲቀር መሣሪያው ያለ ሰው እርዳታ የሚመለስበት አደረጃጀት ይቀርባል።

1. መግቢያ

በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስን የሚጭን ሰው ስለ ቡትሎደር ብዙም አይጨነቅም። የመጫኛው ፕሮግራም ሥራውን በራሱ ያከናውናል። ችግር ቢፈጠርም ስክሪንና ኪቦርድ በእጅ ስላሉ ሌላ ማስነሻ ፍላሽ ተሰክቶ ነገሩ ይስተካከላል። ኢምቤድድ መሣሪያ ግን ይህ ዕድል የለውም። በወንዝ ዳር የውኃ ከፍታ የሚመዘግብ ወይም ከከተማ ርቆ ባለ ጣቢያ ኔትወርክ የሚያከፋፍል አነስተኛ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን የለውም፤ አጠገቡም ባለሙያ አይኖርም። እንዲህ ያለው መሣሪያ አንድ ቀን ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሳይነሣ ቢቀር፣ ጥፋቱ የአንዲት ባይት ቢሆንም እንኳ መፍትሔው የአንድ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። እስኪደረስበት ድረስ ያልተመዘገበው መረጃም ተመልሶ አይገኝም።

ሁለተኛው ልዩነት የዝግጅቱ ቦታ ነው። የኢምቤድድ መሣሪያ ዲስክ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በመሣሪያው ላይ አይደለም። ዲስኩ በዩኤስቢ አስማሚ አማካይነት ከተመራማሪው ኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ይከፋፈላል፣ ፋይሎቹ ይገለበጡበታል፣ ቡትሎደሩ ይተከልበታል፤ ከዚያም ተነቅሎ ወደ ቦታው ይወሰዳል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው ማዘጋጃ ኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው ተቀባይ መሣሪያ ይባላል። በዝግጅቱ ወቅት ትክክል የነበረ ነገር በተቀባዩ ላይ ስሕተት ሆኖ የሚገኘው ሁለቱ ማሽኖች አንዱን ዲስክ በተለያየ ዓይን ስለሚያዩት ነው።

ለማብራሪያው ማሳያ የተመረጠው የስዊዘርላንዱ የፒሲ ኢንጂንስ ኩባንያ ሥሪት የሆነው ኤፒዩ2 የተባለው ቦርድ ነው። ቦርዱ 4 ኮር ያለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰርና የሳታ ዲስክ መሰኪያ አለው። የስክሪን መውጫ ስለሌለው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በሰከንድ 115,200 ቢት በሚያስተላልፍ ሲሪያል መስመር ብቻ ነው። ፈርምዌሩ ኮርቡት ሲሆን፣ ኮርቡት ደግሞ ሲባዮስ የተባለውን ባዮስ ያስነሣል። በመሆኑም ቦርዱ ለባህላዊው የባዮስ አነሣሥ ጥሩ ምሳሌ ነው።

2. ከኃይል ቁልፍ እስከ ከርነል

የኮምፒዩተር አነሣሥ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። እያንዳንዱ ሯጭ የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ሥራውም ዱላውን ለሚቀጥለው ማቀበል ብቻ ነው። ባዮስ ስለ ሊኑክስም ሆነ ስለ ፋይል ሲስተም የሚያውቀው ነገር የለም። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት፣ አንብቦ በማኅደረ ትውስታው አድራሻ 31,744 ላይ ያስቀምጥና ፕሮሰሰሩን ወደዚያ ይልካል። ከዚህ ጋር ለተረካቢው አንድ መረጃ ብቻ ይሰጠዋል፦ የተነሣበትን ዲስክ ቁጥር። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ቁጥር 128 ነው።

የመጀመሪያዋ ሴክተር ኤምቢአር ትባላለች። በውስጧ 446 ባይት ለፕሮግራም፣ 64 ባይት ለክፋዮች ሠንጠረዥ፣ 2 ባይት ደግሞ ለማረጋገጫ ምልክት ተመድቧል። ሠንጠረዡ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሆኑ 4 መስመሮች ስላሉት ዋና ክፋዮች ከ4 ሊበልጡ አይችሉም። የማረጋገጫው ባይቶች ዋጋ 85 እና 170 ነው፤ እነዚህ ከጎደሉ ብዙ ባዮሶች ዲስኩን ማስነሻ የሌለው አድርገው ይቈጥሩታል። ለፕሮግራም ከተመደበው ቦታም ከ440ኛው ባይት ጀምሮ 4 ባይት የዲስኩ መለያ ፊርማ ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ለፕሮግራሙ በእርግጥ የሚቀረው 440 ባይት ነው። ይህች አነስተኛ ፊርማ በኋላ እንደምናየው ከፍተኛ ጥቅም አላት።

በ440 ባይት ውስጥ ፋይል ሲስተምን የሚያነብ፣ የምርጫ ዝርዝር የሚያሳይና ከርነል የሚጭን ፕሮግራም ማስገባት አይቻልም። ቡትሎደሮች በደረጃ የሚከፈሉት በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለተኛው የት እንዳለ ብቻ ያውቃል፤ የቡትሎደሮች ዋና ልዩነትም ይህን «የት» በምን መልክ እንደሚመዘግቡት ነው።

3. ሦስት የአመዘጋገብ ስልቶች

ሊሎ የተባለው ቀደምት ቡትሎደር ከርነሉ በዲስኩ ላይ ያረፈባቸውን ሴክተሮች ቁጥር በቀጥታ መዝግቦ ይይዛል። ስልቱ ቀላል ነው፤ ፋይል ሲስተም ማንበብ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከርነሉ በአዲስ በተተካ ቁጥር ፋይሉ በሌሎች ሴክተሮች ላይ ስለሚያርፍ መዝገቡ ወዲያውኑ ይሳሳታል። የሊሎን ትእዛዝ ዳግም ማስኬድ የረሳ ሰው መሣሪያው እንደማይነሣ የሚያውቀው በሚቀጥለው አነሣሥ ነው። የሊሎ ልማት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ቆሟል።

ሁለተኛው ስልት የኤክስትሊኑክስ ነው። በኤምቢአር ላይ ያለው አጭር ፕሮግራም «ንቁ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ክፋይ ይፈልግና የክፋዩን የመጀመሪያ ሴክተር ያስነሣል። ይህም በክፋዩ ውስጥ የተቀመጠውን ዋና ፕሮግራም ይጠራል። ዋናው ፕሮግራም ፋይል ሲስተሙን ማንበብ ስለሚችል ከርነሉን በስሙ ያገኘዋል። የከርነል መተካት አያውከውም፤ የራሱ ዋና ፕሮግራም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ግን መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛውና ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ግረብ ነው። የግረብ የመጀመሪያ ደረጃ በኤምቢአር ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ደረጃ በኤምቢአርና በመጀመሪያው ክፋይ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ላይ ያርፋል። የምርጫ ዝርዝሩና ተጨማሪ ሞጁሎቹ ደግሞ በተራ ፋይልነት በቡት ማውጫ ውስጥ ይቀመጣሉ። በቀድሞው አከፋፈል የመጀመሪያው ክፋይ የሚጀምረው ከሴክተር 63 ስለነበር ባዶው ስፍራ 62 ሴክተር፣ ማለትም 31,744 ባይት ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ከላይ ከተጠቀሰው የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ግረብ እንደ ሬይድ ወይም ቢትአርኤፍኤስ ያሉትን እንዲያነብ ሲጠየቅ ሁለተኛው ደረጃ ከዚህ ስፍራ በላይ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያውን ክፋይ ከሴክተር 2048 ማስጀመር፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ያህል ባዶ መተው፣ ዛሬ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ስፍራው ከጠበበ ግረብን የሴክተር ቁጥሮችን መዝግቦ እንዲሠራ ማስገደድ ይቻላል፤ ይህ ግን ወደ ሊሎ ድክመት መመለስ ስለሆነ ሊደረግ አይገባም።

ከዚህ በታች የሚቀርበው አሠራር በግረብ ላይ የተመሠረተ ነው።

4. ዝግጅቱ በቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ተግባር ዲስኩን መከፋፈል ነው። ለምሳሌያችን 4ቱ የኤምቢአር ክፋዮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው አነስተኛ ክፋይ የግረብን ፋይሎች ብቻ ይይዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል መጠን ያላቸው የሥርዓት ክፋዮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የተሟላ ሊኑክስ ከነከርነሉ ይይዛሉ፤ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። አራተኛው መሣሪያው የሚሰበስበው መረጃ የሚከማችበት ነው። ሥርዓቱ በሁለት ቅጂ የሚቀመጥበት ምክንያት በክፍል 7 ይብራራል። የኤምቢአር ሠንጠረዥ ሴክተሮችን የሚቈጥረው በ32 ቢት ስለሆነ ባለ 512 ባይት ሴክተር ዲስክ ላይ ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ በላይ ማመልከት አይችልም። ከዚህ ለሚበልጥ ዲስክ ጂፒቲ የተባለው ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ከኤምቢአር በኋላ ያለውን ስፍራ ሠንጠረዡ ራሱ ስለሚይዘው ለግረብ ሁለተኛ ደረጃ «ባዮስ ቡት» የሚባል 1 ሜጋባይት ያህል ክፋይ ለይቶ መመደብ ግድ ይላል።

ቀጥሎ ፋይል ሲስተሞቹ ይፈጠራሉ፤ ለግረብ ክፋይ ኢኤክስቲ2፣ ለሌሎቹ ኢኤክስቲ4 መጠቀም ይቻላል። ከዚያም የሥርዓቱ ፋይሎች ይገለበጣሉ። በመቀጠል ግረብ-ኢንስቶል የተባለው ትእዛዝ ሦስት ነገሮች ተነግረውት ይሠራል፦ የተቀባዩ ዓይነት፣ ማለትም ባዮስ ያለው ፒሲ መሆኑ፤ የግረብ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማውጫ፣ ማለትም የዲስኩ የመጀመሪያ ክፋይ የተጫነበት ቦታ፤ እንዲሁም ኤምቢአሩ የሚጻፍበት ዲስክ። ሦስቱም በግልጽ ሊነገሩት ይገባል። ዓይነቱ ካልተነገረው ትእዛዙ የማዘጋጃውን ኮምፒዩተር ዓይነት ይወስዳል፤ ማውጫው ካልተነገረው የማዘጋጃውን የቡት ማውጫ ይጠቀማል። የዲስኩ ስም ከተሳሳተ ደግሞ የሚጠፋው የማዘጋጃው ኮምፒዩተር ማስነሻ ነው። ከትእዛዙ በፊት የዲስኩን መጠንና የሞዴል ስም ማረጋገጥ ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ የሚጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

የግረብ ፋይሎችና ኤምቢአሩ በአንድ ዲስክ ላይ እስከሆኑ ድረስ ግረብ ፋይሎቹን የሚፈልገው ባዮስ ባቀበለው የዲስክ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ዲስኩ በማዘጋጃው ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የነበረ መሆኑ ለዚህ ደረጃ ችግር አይፈጥርም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ባሉት መዝገቦች ላይ ነው።

5. የማዘጋጃው አሻራዎች

የመጀመሪያው አሻራ የዲስክ ስም ነው። ሊኑክስ ዲስኮችን በተገኙበት ቅደም ተከተል ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይሰይማል። በዩኤስቢ የተሰካው ዲስክ በማዘጋጃው ላይ ኤስዲቢ ከተባለና ይህ ስም ለከርነሉ በሚተላለፈው የሥር ክፋይ መመሪያ ውስጥ ከተጻፈ፣ ብቸኛ ዲስክ ሆኖ ኤስዲኤ በሚባልበት በተቀባዩ ላይ ከርነሉ ሥሩን አያገኘውም። ቡትሎደሩ ሥራውን በትክክል ፈጽሟል፣ ከርነሉም ተነሥቷል፤ ሂደቱ የሚቆመው ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ስሙን ወደ ኤስዲኤ መለወጥም ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ነገ አንድ ሰው ፍላሽ ሰክቶ ቢተው ቅደም ተከተሉ ሊቀየር ይችላል።

መፍትሔው ክፋዩን በራሱ በዲስኩ ላይ በተጻፈ መለያ መጥራት ነው። እዚህ ላይ የሁለት መለያዎች ልዩነት መታወቅ አለበት። የፋይል ሲስተሙ መለያ ዩዩአይዲ ይባላል፤ ከርነሉ ብቻውን ይህን መፈለግ ስለማይችል ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ጊዜያዊ የመነሻ ሥርዓት ያስፈልጋል። የክፋዩ መለያ ደግሞ ፓርትዩዩአይዲ ይባላል፤ ይህንን ከርነሉ ያለ ምንም ረዳት ይረዳዋል። በኤምቢአር ዲስክ ላይ ፓርትዩዩአይዲ የሚገነባው ቀደም ሲል ከጠቀስነው የ4 ባይት ፊርማና ከክፋዩ ቁጥር ነው። ኢኒትራምኤፍኤስን ለማይጠቀም አነስተኛ ሥርዓት ተመራጩ ይህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ከአንድ ዲስክ በቀጥታ የተባዙ ዲስኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ፊርማ ስለሚይዙ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከአንድ ማሽን ጋር ማገናኘት መደናገርን ይፈጥራል።

ሁለተኛው አሻራ ግረብ-ኤምኬኮንፊግ የተባለው የምርጫ ዝርዝር ሠሪ የሚተወው ነው። ይህ ትእዛዝ የሚመረምረው የሚሠራበትን ማሽን ስለሆነ በማዘጋጃው ላይ ቢሠራ የማዘጋጃውን የሥር ክፋይና ሌሎች ሥርዓቶች በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባል። በአንዳንድ ስርጭቶች የቀድሞ ሥሪቶች ላይ ደግሞ ያለፈው አነሣሥ ካልተሳካ ዝርዝሩ ኪቦርድ የሚነካ ሰው እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያደርግ ነበር፤ ኪቦርድ ለሌለው መሣሪያ ይህ እስራት ነው። ለኢምቤድድ መሣሪያ የሚያስፈልገው ዝርዝር ከጥቂት መስመሮች ስለማይበልጥ በእጅ መጻፉ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው አሻራ የሶፍትዌር ሥሪት ልዩነት ነው። የማዘጋጃው አዲስ መሣሪያዎች አሮጌ ቡትሎደር የማያውቀውን ፋይል ሲስተም ሊፈጥሩ ይችላሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.47.0 ሥሪት ሜታዳታ ቼክሰም ሲድ የተባለውን ባሕርይ ለኢኤክስቲ4 በነባሪነት ያበራል፤ ግረብ 2.06 ግን ይህን ባሕርይ አያውቅም። ውጤቱ ፋይሎቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ግረብ «ፋይል ሲስተሙን አላውቀውም» ማለቱ ነው። ቡትሎደሩ የሚያነባቸው ክፋዮች ሲፈጠሩ አዳዲስ ባሕርያትን ማጥፋት፣ ወይም ፋይል ሲስተሙንና ግረብን ከአንድ ስርጭት መውሰድ ያስፈልጋል።

አራተኛው አሻራ የሴክተር መጠን ነው። አንዳንድ የዩኤስቢ አስማሚዎች በውስጣቸው ያለውን ባለ 512 ባይት ሴክተር ዲስክ ባለ 4,096 ባይት አስመስለው ያቀርባሉ። የክፋዮች ሠንጠረዥ የሚጻፈው በባይት ሳይሆን በሴክተር ቁጥር ስለሆነ፣ በአስማሚው በኩል «ሴክተር 256» ተብሎ የተጻፈው ስፍራ ዲስኩ በቀጥታ በሳታ ሲገናኝ «ሴክተር 2048» ይሆናል። ሠንጠረዡ ግን አሁንም 256 ይላል። በዚህ ጊዜ ክፋዮቹ የጠፉ ይመስላሉ። ዲስኩን ከመከፋፈል አስቀድሞ አስማሚው የሚያሳየውን የሴክተር መጠን መመልከት ይህን ችግር ያስቀራል።

አምስተኛው አሻራ ተቀባዩ ዩኢኤፍአይ ያለው ማሽን በሚሆንበት ጊዜ የሚታይ ነው። በዩኢኤፍአይ ቡትሎደሩ በፋት ክፋይ ላይ የተቀመጠ ተራ ፋይል ነው፤ የትኛው ፋይል እንደሚነሣ የሚመዘገበው ግን በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ዘላቂ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ተከላው በማዘጋጃው ላይ ሲከናወን መዝገቡም በማዘጋጃው ማዘርቦርድ ላይ ይቀራል፤ ዲስኩ ወደ ተቀባዩ ሲሄድ አብሮት አይሄድም። መውጫው ፋይሉን ፈርምዌሩ ያለ መዝገብ በሚፈልግበት ነባሪ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ይህም ባለ 64 ቢት ፒሲ ላይ በ«ኢኤፍአይ» ማውጫ ሥር በሚገኘው «ቡት» ማውጫ ውስጥ «ቡትኤክስ64» የተባለው ፋይል ነው። ግረብ-ኢንስቶል ዲስኩ ተነቃይ እንደሆነ ከተነገረው ይህንኑ ያደርጋል።

የአርም ፕሮሰሰር ያላቸው ቦርዶች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በብዙዎቹ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ በቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ፕሮግራም ሲሆን ሃርድ ዲስክን ማንበብ አይችልም። ለምሳሌ የሳታ መሰኪያ ያለው ኦልዊነር ኤ20 ቺፕ የመነሻውን ፕሮግራም የሚፈልገው በኤስዲ ካርድ ላይ ከ8 ኪሎባይት ርቀት፣ ማለትም ከሴክተር 16 ነው። ስለዚህ ዩ-ቡት የተባለው ቡትሎደር በካርዱ ላይ ይቀራል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚቀመጡት ከርነሉና ሥርዓቱ ናቸው። የጂፒቲ ሠንጠረዥ በተለመደው ቅርጹ እስከ ሴክተር 33 ስለሚደርስ በዚያ ካርድ ላይ ከቡትሎደሩ ጋር እንደሚጋጭም ልብ ይሏል።

6. ድምፅ የሌለውን መሣሪያ ማናገር

ስክሪን በሌለው ቦርድ ላይ ሦስቱም ሯጮች፣ ማለትም ፈርምዌሩ፣ ግረብና ከርነሉ፣ በአንድ ሲሪያል መስመርና በአንድ ፍጥነት መናገር አለባቸው። ለግረብ የሲሪያል መስመሩ ቁጥርና ፍጥነት በምርጫ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። ለከርነሉም በትእዛዝ መስመሩ ላይ ኮንሶሉ የመጀመሪያው ሲሪያል መስመር፣ ፍጥነቱም 115,200 እንደሆነ ይነገረዋል። የግረብ ዝርዝር ታይቶ ከዚያ በኋላ ዝምታ ከሆነ ከርነሉ ሞተ ብሎ መደምደም አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ከርነሉ እየሠራ ነው፣ የሚናገረው ግን ወደሌለ ስክሪን ነው። በተቃራኒው እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ከታየ፣ ባዮሱ የስክሪኑን ጽሑፍ ወደ ሲሪያል እያዞረ ግረብም በራሱ እየላከ ነው ማለት ስለሆነ አንዱን መዝጋት ይበቃል።

ሲሪያል መስመሩ የራሱ አደጋም አለው። ግረብ ጊዜ ቈጥሮ በነባሪው ምርጫ ከመቀጠሉ በፊት አንዲት ፊደል ከመጣችለት ሰው ሊያዘው እንደሆነ ገምቶ ቈጠራውን ያቆማል። ከመስመሩ ጋር ራሱ መልእክት የሚልክ ሞደም ወይም ሴንሰር ከተያያዘ መሣሪያው በምርጫ ዝርዝሩ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግንኙነት ሌላ መስመር መመደብ ይገባል።

7. የኃይል መቋረጥና እድሳት

መሣሪያው ቦታው ላይ ተተክሎ በሰላም ከተነሣ በኋላ ትልቁ አደጋ እድሳት ነው። አዲስ ከርነል እየተጻፈ ኃይል ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ኢኤክስቲ4 ጆርናል ስላለው ብዙዎች ፋይል ሲስተሙ ራሱን ይጠግናል ብለው ያምናሉ። እምነቱ ለሊኑክስ ትክክል ነው፤ ለግረብ ግን አይደለም። ግረብ ኢኤክስቲ4ን ሲያነብ ጆርናሉን አይተገብርም። በጆርናሉ ውስጥ የተመዘገበ፣ ነገር ግን ገና ወደ ዋናው ቦታው ያልተዛወረ ለውጥ ለግረብ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ከርነል በሊኑክስ ዓይን በሚገባ ተጽፎ ሳለ፣ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ግረብ ላያገኘው ይችላል። ፋይል ሲስተሙን ጠግኖ ጆርናሉን የሚተገብረው ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ እንዲነሣ ደግሞ ግረብ ከርነሉን ማግኘት አለበት።

በክፍል 4 ሥርዓቱን በሁለት ክፋዮች ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። መሣሪያው በ«ሀ» እየሠራ ሳለ አዲሱ ሥሪት ከነከርነሉ በ«ለ» ላይ ይጻፋል። ከዚያም «ለ» ይነቀላል፤ በሥርዓት የተነቀለ ፋይል ሲስተም ጆርናሉ ወደ ዋናው ቦታ ተራግፎ ንጹሕ ይሆናል። ግረብ ወደ «ለ» እንዲሄድ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በማንኛውም ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ «ሀ» ሳይነካ አለ።

ምርጫው የሚመዘገበው ግረብኢንቭ በተባለ 1,024 ባይት መጠን ያለው ፋይል ላይ ነው። ግረብ ፋይል ሲስተሞችን የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይደለም፤ በልዩ ሁኔታ የሚጽፈው በዚህ አስቀድሞ በተዘጋጀ ፋይል ሴክተሮች ላይ ብቻ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ይሆናል። የእድሳቱ ፕሮግራም «ለሚቀጥለው አንድ ጊዜ ብቻ ለን ሞክር» ብሎ ይጽፋል። ግረብ ይህን ሲያነብ ትእዛዙን መጀመሪያ ይሰርዝና ሰረዙን በዲስኩ ላይ ከመዘገበ በኋላ ነው «ለ»ን የሚያስነሣው። አዲሱ ሥርዓት ተነሥቶ ኔትወርኩና ዋናው አገልግሎት መሥራታቸውን ካረጋገጠ «ከእንግዲህ ነባሪው ለ ነው» ብሎ ይጽፋል። ካልተነሣ ግን የሚቀጥለው አነሣሥ የሙከራውን ትእዛዝ ተሰርዞ ስለሚያገኘው ወደ «ሀ» ይመለሳል። ግረብኢንቭ ራሱ ተበላሽቶ የማይነበብ ቢሆንስ? የምርጫ ዝርዝሩ ፋይሉ ከመነበቡ በፊት ነባሪውን «ሀ» ብሎ ማስቀመጥ አለበት፤ ምንም ካልተነበበ የሚሠራ ምርጫ እንዲኖር።

ይህ አደረጃጀት የሚሠራው «የሚቀጥለው አነሣሥ» የሚባል ነገር ካለ ነው። የሊኑክስ ከርነል ሥሩን ሳያገኝ ሲቀር ፓኒክ ውስጥ ይገባል፤ በነባሪው አሠራርም እዚያው ለዘለዓለም ይቆማል። በትእዛዝ መስመሩ ላይ ከፓኒክ በኋላ በ10 ሰከንድ ዳግም እንዲነሣ መንገር ይህን ይፈታል። ይሁን እንጂ ሌላ መመሪያ ከዚህ ጋር ይጋጫል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚወስድ ከርነሉ ሥሩን እስኪያገኝ እንዲጠብቅ የሚያዝ ሩትዌይት የተባለ መመሪያ ይሰጣል። መመሪያው ያለ ገደብ ከተሰጠ ዲስኩ ፈጽሞ ባይገኝ ከርነሉ ያለ ማቋረጥ ይጠብቃል፤ ፓኒክ ስለማይኖር ዳግም መነሣትም የለም። ለዚህና ለማንኛውም ዓይነት መንጠልጠል የመጨረሻው ዋስትና ዋችዶግ የተባለው የሃርድዌር ሰዓት ቈጣሪ ነው። ሰዓቱ ሊኑክስ ከመነሣቱ አስቀድሞ መቈጠር ከጀመረ፣ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ «ደኅና ነኝ» የሚለው ፕሮግራም ካልደረሰ ማሽኑን በኃይል ዳግም ያስነሣዋል። የሩትዌይትና የዋችዶግ ጥምረት በአግባቡ ካልታሰበበት የሁለት ክፋዮች አደረጃጀት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

8. ከመጓዝ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የመጀመሪያው ፍተሻ በማዘጋጃው ላይ ይከናወናል። ኪዩኢኤምዩ የተባለው አስመሳይ ማሽን ዲስኩን እንዳለ ወስዶ ሊያስነሣው ይችላል። ነባሪው ባዮሱ ሲባዮስ ስለሆነ ለኤፒዩ2 ሁኔታ ቅርብ ነው። ስክሪኑ ተዘግቶ ሲሪያል ብቻ ቢቀር፣ የሚጻፈው ሁሉ በጊዜያዊ ፋይል ላይ እንዲሆንም ቢታዘዝ፣ ዲስኩን ሳይነኩ ሙሉውን ሂደት ማየት ይቻላል። በዚህ ፍተሻ ላይ ዲስኩን ብቸኛ ሳይሆን ከሌላ ባዶ ዲስክ ጋር፣ አንድ ጊዜ በፊት አንድ ጊዜ በኋላ አድርጎ ማስነሣት የስም አሻራ መኖር አለመኖሩን ወዲያውኑ ያሳያል፤ ባዶው ዲስክ በሚቀድምበት ጊዜ ባዮሱ ከየትኛው እንደሚነሣ በግልጽ መንገር ብቻ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፍተሻ በተቀባዩ ላይ የሚደረግ ነው፤ አስመሳዩ የሴክተር መጠንን ልዩነት፣ የዲስኩን የመሽከርከሪያ ጊዜና የዋችዶጉን ባሕርይ አያሳይም። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ፍተሻ ኃይልን ሆን ብሎ መንቀል ነው፦ አንድ ጊዜ በእድሳቱ መሀል፣ አንድ ጊዜ ምርጫው በተቀየረ ቅጽበት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አዲሱ ሥርዓት ሊነሣ ሲል። በተጨማሪም ሆን ተብሎ የተበላሸ ከርነል በ«ለ» ላይ አስቀምጦ መሣሪያው በራሱ ወደ «ሀ» መመለሱን ማየት ያስፈልጋል። መመለሱ በጠረጴዛ ላይ ካልታየ በመስክ ላይ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም።

9. ማጠቃለያ

በሃርድ ዲስክ ላይ ቡትሎደር መትከል በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ትእዛዙ ግን የሚጽፈው የቅብብሎሹን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው። ቀሪው የዲስክ ስም፣ የምርጫ ዝርዝር፣ የፋይል ሲስተም ባሕርይ፣ የሴክተር መጠንና የፈርምዌር መዝገብ ነው። እነዚህ ሁሉ በማዘጋጃው ኮምፒዩተር ላይ ትክክል ሆነው በተቀባዩ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለሆነም ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፦ ይህ መረጃ የዲስኩ ነው ወይስ የማሽኑ? የማሽኑ ከሆነ በዲስኩ መለያ ይተካ፤ ሊተካ ካልቻለም በተቀባዩ ላይ ይፈተሽ። ከዚህ ጋር ምርጫን በአንድ ቦታ ብቻ የሚመዘግብ፣ ሲጠራጠር ወደ ቀድሞው ሥሪት የሚመለስና በዋችዶግ የታገዘ አደረጃጀት ከታከለበት፣ ርቆ የተተከለ መሣሪያ ኃይል በመጣ ቁጥር ያለ ሰው እጅ ይነሣል።